አርባ ሦስት እሺ

«የራስህ አለቃ ሁን» የሚላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ እስቲ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ እሱን የላከው ማነው? በዚህ በሰው አገር፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ኑሮዬ ይህን ምክር የለገሡኝ ሰዎች ሁሉ ከበላያቸው አለቃ ነበራቸው። ያውም እሑድ ጠዋት የሚደውል አለቃ።

የማወራው ስለ ኮሚሽን ሥራ ነው። ከሸጥክ ትበላለህ፣ ካልሸጥክ ፆምህን ታድራለህ። እኛ ሠፈር መኪናው፣ ቤቱ፣ የውሃ ማጣሪያው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ሁሉ በዚህ መንገድ ይሸጣል። አዲስ አበባ ይህን የሚሠራ ሰው ደላላ ይባል ነበር፤ ሰዉም ሲያየው ኪሱን ይዳብሳል። እዚህ ሲደርስ «ኮንሰልታንት» ሆነ። ቢዝነስ ካርድ አሳተመ፣ በካርዱም ላይ ክራቫቱን አስሮ፣ እጁን አጣምሮ ፎቶ ተነሣ።

ብዙ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስለሠራሁ ሁለቱን ወገን ሳልሰማ አልፈርድም። ስለዚህ ጥቅሙን ላስቀድም። ሰዓት አትፈርምም ይላሉ። እውነት ነው። ገብቶ የማይፈርም ሰው ግን መውጫ ሰዓትም የለውም። ገቢህ ጣሪያ የለውም ይላሉ። ይሄም እውነት ነው። ወለል እንደሌለው ግን የሚነግርህ የለም። ሌላም ጥቅም ፈልጌ ነበር። ከሰው ያስተዋውቃል ይባላል። እኔ ያየሁት ሰው ሲደበቅ ነው፤ ይኸው የፍቅሩን ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ፍቅሩ ጎረቤቴ ነው። ስልክ ሁሉ ገና የሚታጠፍ በነበረበት በዚያ ዘመን ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ነበር። ሥራው ለሰርግ ቤት ጨዋታ አይሆንም። ነገር ግን ማሞቂያ ያላት ጠባብ ክፍል፣ በየሁለት ሳምንቱ የማይቀር ቼክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጤና ኢንሹራንስ ነበረው። ሚስቱ ሰብለ አራተኛ ወሯን ይዛለች። እዚህ አገር ያለ ኢንሹራንስ መውለድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አላስረዳም፤ በሰላም ይተኛ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ጠጋ አለውና «ፍቅሩ፣ አንተ እኮ ሰው የሚሰማህ ሰው ነህ» አለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቲኬታቸውን የጣሉ ሾፌሮች ሲሰድቡት ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውዬው የሕይወት ኢንሹራንስ ሻጭ ነው። አሌክሳንድሪያ በምትባል የቅርብ ከተማ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ፎቅ ላይ ቢሮ አለው፤ በየሐሙሱ እየተሰበሰቡ ያጨበጭባሉ። በሕይወት ኢንሹራንስ ላይ ጥል የለኝም። ሰው ይሞታል፣ ልጆች ይቀራሉ፣ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ፍቅሩን የገዙበት ዋጋ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ፍቅሩ ሰነፍ አይደለም። እዚያችው ክፍል ውስጥ እያጠና የሻጭነት ፈቃድ ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አለፈ። ከዚያ ከመኪና ማቆሚያው ሱፐርቫይዘር ሊቭ፣ ማለትም የዕረፍት ፈቃድ፣ ጠየቀ። ሱፐርቫይዘሩም ሐበሻ ነው። «ሁለት ወር እይዝልሃለሁ፣ ኢንሹራንስህም እስከዚያው ይቆያል። ከዚያ ወዲያ ግን ሥራህን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለኝ» አለው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሰው ኢንሹራንስ ሊሸጥ ሲወጣ የራሱን ለስልሳ ቀን ብቻ ይዞ ወጣ።

ሰብለ ያን ቀን ማታ በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረኸው ሂድ። ደስ እንዲለኝ ብለህ እንዳትነግረኝ፤ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።»

እሺ አልኳት። ማየት ሥራዬ ነው።

ቢሮው መጀመሪያ የመቶ ሰው ስም ጻፍ አለው። ፈረንጅ ቢሆን መቶ ሰው ከየት ያመጣል? ፍቅሩ የሰርጉን ቪዲዮ ከፍቶ በግማሽ ሰዓት ጨረሰ። ከዚያ ሥልጠናው መጣ። ሥልጠናው ዋና ትምህርቱ «እምቢ» ለሚል ሰው ምን እንደሚመለስለት ነው። ሰባት ጊዜ እምቢ ሳትባል ከሰው ቤት እንዳትወጣ ይላል። ለእያንዳንዱ እምቢ መልስ ተዘጋጅቷል፣ በቃል ይጠናል። ፍቅሩ ሰባቱንም አነበነበልኝ። እኔ ደግሞ በልቤ አሰብኩ፤ ይህን ያዘጋጀው ሰው ሐበሻ ቤት ገብቶ ያውቃል? እኛ ቤት እምቢ የሚል ሰው መቼ አለ?

የመጀመሪያው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ አንድ ታክሲ ነጂ ዘንድ ሄድን፤ የሰርጉ ሁለተኛ ሚዜ ነበር። ፍቅሩ ወረቀቱን ሊዘረጋ ሲል ጠረጴዛው ላይ ትሪ ተቀመጠ። የሰው ጥብስ እየጎረስክ «ስለ ሞትህ እናውራ» እንዴት ይባላል? በመጨረሻ እጁን ታጥቦ ጀመረ።

«እግዜር ያርቀውና፣ አንድ ነገር ቢፈጠር...»

«አሜን! ያርቀው!» አለ ሚዜው።

«ያርቀውና፣ ልጆቹ ሳያድጉ...»

«አሜን፣ አሜን!» አለች ሚስቱ ከዚያ ማዶ።

«ያርቀውና...»

«ኧረ አሜን!»

አራት ጊዜ ያርቀው፣ አራት ጊዜ አሜን ተባለ። ከዚህ በኋላ አደጋው በጣም ከመራቁ የተነሣ ኢንሹራንስ መግዛት እግዜርን መጠራጠር ሊመስል ነው። ቢሆንም ሚዜው ወረቀቱን ሁሉ በትሕትና አገላበጠ። «በጣም አሪፍ ነገር ነው። እሺ፣ እንደዋወላለን» ብሎ እስከ መኪናችን ሸኘን።

ፍቅሩ መኪና ውስጥ ገብቶ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና ከስሙ ጎን «እሺ» ብሎ ጻፈ።

«ፍቅሩ፣ ይሄ እኮ ሽያጭ አይደለም» አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ! እሺ ብሏል እኮ፤ በጆሮህ ሰምተሃል።»

ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፌርፋክስ ሦስት ቤት ገብተን ሦስት እሺ ሰማሁ። «እሺ፣ ከሷ ጋር ልማከር»፣ «እሺ፣ ከፋሲካ በኋላ»፣ «እሺ፣ አንተ ከያዝከውማ ምን ሐሳብ አለኝ»። የቢሮው ሰባት መልስ ለአንዳቸውም አይሆንም። እምቢን ወደ እሺ መለወጫ ተምሯል፤ እሺን ወደ ፊርማ መለወጫ ግን የተጻፈ የለም። ምሳ ግን በሦስቱም ቤት ተበላ። የዚያ ወር የፍቅሩ ኮሚሽን በኪሎ የሚለካ ከሆነ አራት ኪሎ ያህል ጨምሯል።

ለሰብለ ያየሁትን ነገርኳት። ብዙ እሺ፣ ዜሮ ፊርማ። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቤቷ ገባች።

አንድ ወር ሲሞላ ያ ልብሱ የተተኮሰው አለቃ ፍቅሩን ቢሮ ጠራው። ጥፋቱ ያንተ አማርኛ ነው አለው። ሞትን በያርቀው ትሸፍነዋለህ፣ ታዲያ ደንበኛው ምኑን ይፍራ? እንግሊዝኛው ቁርጥ አድርጎ «ስትሞት» ነው የሚለው፤ እንዳለ ተርጉመህ ተናገር አለው። አለቃው ራሱ ይህን በአማርኛ ለአንድ ሽማግሌ ብሎ እንደሆን ፍቅሩ አልጠየቀም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀርመንታውን ከተማ ጋሽ ጌታሁን ዘንድ ሄድን። የፍቅሩ ሽማግሌ ሆነው ሰብለን የጠየቁለት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ቤታቸውን ከፍለው ጨርሰዋል፣ እንግሊዝኛ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ። መነጽራቸውን አድርገው ፍቅሩ ያላነበበውን ደቃቅ ጽሑፍ ሁሉ አነበቡና ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። እኔ ራሴ «ይኼኛውስ ሳይሳካ አይቀርም» ብዬ ነበር። ፍቅሩ ወንበሩን ሳብ አደረገ።

«ጋሽ ጌታሁን፣ እንግዲህ እርስዎ ሲሞቱ...»

ከወጥ ቤት የማማሰያው ድምፅ ቆመ። ጋሽ ጌታሁን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን አልክ?»

«ማለቴ፣ ሲሞቱ ለእትዬ አልማዝ...»

«ቀኑንም ነግረውሃል?»

«ኧረ ጋሽ ጌታሁን፣ ሁላችንም እኮ ሟች ነን!»

«እንግዲያው አንተ ቅደማ! ወጣት ነህ፣ ጉልበት አለህ።»

እትዬ አልማዝ ማማሰያውን እንደያዙ ብቅ አሉ። «በስመ አብ! ቤቴ ድረስ መጥቶ ባሌን ሊቀብርልኝ ነው? ምን አስቀየምንህ አንተ ልጅ?»

ባለሙያ ያልሆነ ሰው አንዲት ፊደል ምን ታደርጋለች ይላል። «ቢሞቱ» ቢል ኖሮ ወሬ ነው። «ሲሞቱ» ያለ ጊዜ ግን ቀጠሮ ሆነ። ያን ዕለት ሳንበላ ወጣን። በሁለት ወር ውስጥ ግልጽ መልስ የሰማነው እዚያ ቤት ብቻ ነው፤ ፍቅሩ ግን መንገዱን ሙሉ አኩርፎ ተመለሰ።

ስልሳው ቀን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ደብተሩ ላይ አርባ ሦስት እሺ ነበር። ሁሉንም ደወለላቸው፤ አጠገቡ ነበርኩ። አንዱ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ሲል ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል። ሌላዋ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ብላ ዘጋችው። ያ ሁለተኛ ሚዜማ ከሁሉም ባሰ። በራሱ ድምፅ «አሁን ልናነሣ አልቻልንም፣ ከድምፁ በኋላ መልእክትዎን ይተዉ» አለና ድምፁን በአፉ «ጢጢጥ» አደረገው።

ፍቅሩ መልእክት ተወለት። ሳቄን ዋጥኩ። ሰብለ በስድስተኛ ወሯ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ስትሰማ ነበር፤ እሷም አልሳቀችም።

ሰኞ ቀነ ገደቡ ነው። ቅዳሜ ዕለት ፍቅሩ ጀርመንታውን ሄጄ ጋሽ ጌታሁንን ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። ይቅርታው እውነተኛ ነበር። ሆኖም የኢንሹራንሱን ቅጽም ይዟል፤ አይቼዋለሁ።

ጋሽ ጌታሁን ቂም አልያዙም። ገና ሳንቀመጥ «አንተ ልጅ፣ ልክ ነበርክ። እኔማ ገዛሁ» አሉት።

ፍቅሩ ቆሞ ቀረ። «ከማን?»

«አንዲት ፈረንጅ ልጅ በስልክ ሸጠችልኝ። ከኔ የልጅ ልጅ አትበልጥም።»

«እሷ ‹ሲሞቱ› አላለችዎትም?» አልኩ እኔ።

«አለች እንጂ! አምስት ጊዜ አለች። በእንግሊዝኛ ነዋ! በእንግሊዝኛ ሲሆን የሌላ ሰው ሞት ይመስላል።»

«ታዲያ እንዴት አሳመነችዎት?» አለ ፍቅሩ። ጥያቄው የምር ነበር፤ የሥልጠናውን ሰባት መልስ ከልቡ የተማረ ሰው ጥያቄ ነው።

«ምን ታሳምነኛለች! ልጠይቃት ስል ‹ጌታዬ፣ አይቸኩሉ፣ የመውጫ ሰዓቴ ደርሷል፣ ሰኞ ይደውሉ› አለችኝ። በሰዓት ነው የሚከፍሏት፤ ብገዛም ባልገዛም ለሷ ያው ነው። ሰኞ ሌላ ሰው እንዳይገጥመኝ ብዬ ቶሎ በይ አልኳት።»

ከዚያ ቤት የወጣነው በልተን ነው። ፍቅሩ መኪና ውስጥ ደብተሩን አንድ ጊዜ አይቶ የኋላ ወንበር ላይ ወረወረው። ስለ ኮሚሽን ሥራ ብዙ ቃለ መጠይቅ አድርጌአለሁ፤ እንደዚያ ውርወራ ግን ነገሩን ጠቅልሎ የነገረኝ የለም። ሮክቪልን ስናልፍ ስልኩን ዘረጋና ለሱፐርቫይዘሩ ደወለ። የስልኩ ድምፅ ጮክ ብሎ ስለሚሰማ ሁሉንም ሰማሁ።

«አለቃ፣ ስለ ሥራው ነበር። ሰው ቀጥረህ ከሆነ ይገባኛል፣ ግን...»

«ምን ሰው? ሰኞ ጠዋት አንተ አይደለህ እንዴ የምትገባው? ስምህን የሥራ ፕሮግራሙ ላይ ከጻፍኩ ቆየሁ። ባለቤትህ ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«ሊቭ የወጣህ ዕለት።»

ፍቅሩ ስልኩን አጠፈና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። እኔን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ጥያቄዬ ለሌላ ሰው ነበር።

ማታ ሰብለን በረንዳ ላይ አገኘኋትና ጠየቅኋት። መመለሱን ከመጀመሪያው ቀን ታውቂ ከነበረ እኔን ስምንት ቅዳሜ ለምን አንከራተትሽኝ?

«እንደማይሸጥማ አውቅ ነበር» አለች። «የፈራሁት አንድ እንዳይሸጥ ነው። አንድ ቢሸጥ ኖሮ ዐሥር ዓመት አይመለስም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ደግሞ አዝኖለት የሚገዛው ማን እንደሆነ አስብ አስብና አንተ ነህ። ከሱ ጋር እየዞርክ ምስክር ከሆንክ ግን ታፍራለህ፣ አትገዛም ብዬ ነው።»

ሳቅሁ። እኔ እንኳን በሐቅ እንጂ በአንጀት የምሠራ ሰው አይደለሁም ብዬ ብዙ ተከራከርኳት። እየሰማች «እሺ፣ ጋሼ» አለችኝና ገባች።

አንድ የኢንሹራንስ ቅጽ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በራሴ ስም ሞልቼው ፊርማው ብቻ ቀርቶ ነበር።