ባላቶንን አራት ጊዜ የዞረው ወንድሜ

የልጅን ሞት ከእናት መደበቅ ርኅራኄ ነው ወይስ ፍርሃት? እስካሁን መልሱን አላገኘሁም።

መርዶ ደባቂ የሌለበት ቤተሰብ ታውቃላችሁ? የእኛ ቤት ደባቂ እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ሃንጋሪን በብስክሌት ሊዞር ሄዶ እዚያው ሞተ፤ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው የስደት ሰፈራችን አብራኝ ለምትኖረው እናታችን ግን «ገና እየዞረ ነው፤ ገጠር ስለሆነ ስልክ አይሠራም» አልኳት።

ውሸትም ጥናት ይፈልጋልና የመንገድ መጽሐፍ ተዋስኩ። የሃንጋሪው ባላቶን ሐይቅ ደቡቡ ሜዳ፣ ሰሜኑ ዳገት ነው፤ ስለዚህ ሟቹን መንፊያና ትርፍ ጎማ አስይዤ፣ በቀትር ጥላ ሥር እያሳረፍኩ፣ ለእማዬ በማወራላት ወሬ አራት ጊዜ አዞርኩት።

በመጨረሻ እማዬ፣ «ልጄ፣ ዳገት አበዛሽበት እኮ! በቃ፣ ወደ ቤቱ ይመለስ በይው» አለችኝ።

መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ሳልጠራ፣ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ የዚያኑ ዕለት ነገርኳት።