ክቡር ይሞከር ድረ ገጽ ሲመርጡ

ሦስት ሰዎች አንድ ነገር ለመምረጥ ከተሰበሰቡ አንደኛው የግድ ፈታሽ ነው። ታውቁታላችሁ። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት አራቱንም እግር የሚነቀንቀው፣ ጃንጥላ ሱቅ ገብቶ ዝናብ እስኪመጣ የሚጠብቀው፣ ሐኪሙን «እርስዎ ራስዎ ይህን መድኃኒት ወስደውት ያውቃሉ?» ብሎ የሚያፋጥጠው እሱ ነው። ከኋላው የተሰለፈው ሰው ጥርሱን ያፋጫል፤ ሻጩ ፀጉሩን ይነጫል፤ እሱ ግን ሰማይ ቢደፋ አይቸኩልም።

የቼዝ ክበቡ ፈታሽ ክቡር ይሞከር ይባላሉ። ስማቸው አይደለም፣ ማዕረጋቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሊፍት መርማሪ ሆነው ሠርተዋል። ጡረታ ሲወጡ ሊፍቱ ቀረ፤ ፍተሻው አብሯቸው ቤት ገባ። ክበቡ አዲስ የጨዋታ ሰዓት ቢያመጣ «መጀመሪያ ይሞከር!» አዲስ አባል ቢመጣ «መጀመሪያ ይሞከር!» ሻይ ቢፈላ እንኳ ከእሳቸው ቀድሞ የሚቀምስ የለም፤ እሳቸው ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይሞክሩታል።

እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው ድረ ገጽ የመምረጥ ሥራ ይሰጣል? ክበቡ ሰጠ። በድምፅ ብልጫ ሰጠ። ፍዳውን ያየው ግን የክበቡ ጸሐፊ ነው፤ የጂኦግራፊ መምህር፣ ባለትዳር፣ በዓመታዊው ውድድር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ የወጣ ሰው።

ነገሩ የመጣው ከቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር ነው። ክበቡ የሚጫወተው በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ቱቦዎች በጣሪያው የሚያልፉበት፣ ረጅሙ መብራት አንዴ የሚበራ አንዴ የሚያመነታ፣ ከላይ የሚራመድ ሰው ኮቴ ጠረጴዛው ላይ የሚሰማበት ክፍል። ዳይሬክተሯ አንድ ቀን ወርዳ በሩ ላይ ቆመችና፣ «መምህር፣ ኢንተርኔት ላይ የሌለ ክበብ ለእኔ የለም» አለች። እስከ ወሩ መጨረሻ አባላቱን፣ መርሐ ግብሩንና የዓመቱን ውድድር ሙሉ ውጤት የያዘ ድረ ገጽ ካላየች፣ ክፍሉን ለትንፋሽ ልምምድ ቡድን ትሰጣለች። የትንፋሽ ሰዎቹ የሚያስቀና ድረ ገጽ አላቸው።

ሙሉ ውጤት! ችግሩ እዚያ ላይ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ስለዚህ በክበቡ ልማድ ያላለቀ ጨዋታ ይቋረጣል፤ የጠጠሮቹ አቀማመጥ በወረቀት ይገለበጥና በሚቀጥለው ቅዳሜ ካቆመበት ይቀጥላል። የዘንድሮው የፍጻሜ ጨዋታ በጸሐፊውና በፋርማሲስቱ መካከል ነበር። ጸሐፊው አንድ ፈረስ በልጦ ነበር። ተራው የፋርማሲስቱ ነበር። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ሳምንቱን አስቤበት እመጣለሁ» ብለው ኮታቸውን ለበሱ።

አልመጡም። ሐሙስ ከሰዓት በፋርማሲያቸው ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጠው ሞቱ። ተራ የያዙት ሰዎች የሐኪም ማዘዣ የሚያነቡ መስሏቸው ሃያ ደቂቃ ያህል ጸጥ ብለው ጠበቋቸው።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ጸሐፊው በመምህራን ክፍል የፈተና ወረቀት ሲያርም ስልኩ ጮኸ። የክበቡ ኢሜይል ነው። እንዲህ ይላል፦ «ፋርማሲስቱ እየጠበቁዎት ነው።»

የተማሪ ቀልድ መሰለው። ማን ሊሆን እንደሚችል ከኋላ ወንበር ጀምሮ በሐሳቡ ሲቆጥር ሌላ መጣ። «ፋርማሲስቱ ዛሬ ጸጥ ብለዋል። ሰላም ይበሏቸው!» በማግስቱ ሦስት መጣ። አንደኛው፣ «ፋርማሲስቱን የሚያውቁ ከሆነ እነዚህ ሰዎችም አብረዋቸው ሊሆኑ ይገባል» ይልና ስም ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ አናት ላይ የጸሐፊው የራሱ ስም ነበር።

ምሳ ላይ ሚስቱ ስልኩን ሰርቃ አየችው።

«ሰውዬው ይጠብቁሃል እኮ። ለምን አትመልስላቸውም?»

«ምን ብዬ?»

«መጣሁ በላቸዋ!»

ማንኪያውን አስቀመጠ። 

ረቡዕ ዕረፍት ሰዓት ላይ ወኔውን ሰብስቦ ከመልእክቶቹ አንዱን ከፈተ። የቼዝ ሰሌዳ ወጣ። አቀማመጡን ያውቀዋል፤ ወረቀት ላይ በእጁ የገለበጠው የራሱ ጨዋታ ነው። ከፋርማሲስቱ ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ በርቷል። ከሥሩ «ፋርማሲስቱ እያሰቡ ነው» ይላል፤ ከጽሑፉ ቀጥሎ ሦስት ነጠብጣቦች አንድ ላይ ከፍ፣ አንድ ላይ ዝቅ ይላሉ፤ የተኛ ሰው ደረት ይመስላሉ። ጸሐፊው ሳያስበው ትንፋሹን ከነጠብጣቦቹ ጋር እኩል መሳብ ጀመረ። ከዚያ አንድ ጥቁር ወታደር፣ ማንም ሳይነካው፣ አንድ ቤት ወደፊት ተንሸራተተ።

«ተራው የእርስዎ ነው።»

ይባስ ብሎ እርምጃው ግሩም ነበር። ከሁለት እርምጃ በኋላ የጸሐፊው ንግሥት መፈናፈኛ ታጣለች። ፋርማሲስቱ በሕይወት ሳሉ እንዲህ ያለ ነገር ታይቷቸው አያውቅም፤ ጥሩ ሰው ነበሩ እንጂ ጥሩ ተጫዋች አልነበሩም። ሞት ይህን ያህል ቼዝ ያስተምራል ብሎ ማን ይገምታል? ጸሐፊው ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ስለ ወንዞች ማስተማር ሲኖርበት ስለ በረሃ አስተማረ፤ ተማሪ ሁሉ ዝም ብሎ ጻፈ።

የድረ ገጹ ጉዳይ በእሳቸው እጅ ነውና ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ክቡር ይሞከር ቤት ሄደ። አምስተኛ ፎቅ ናቸው። ሊፍቱ ላይ በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ «ገና አልተፈተሸም» የሚል ወረቀት ስለተለጠፈ የሕንጻው ነዋሪ ሁሉ በደረጃ ይወጣል። ጸሐፊው ልቡ ሊወጣ ደርሶ በሩን ሲያንኳኳ፣ «ክፍት ነው!» አሉት።

መጋረጃው ተዘግቷል። ሰባት አሮጌ ኮምፒውተሮች በጠረጴዛው፣ በመስኮቱ ደፍ፣ አንዱ ደግሞ በልብስ መተኮሻው ላይ ተደርድረው ያበራሉ። በሰባቱም ላይ ያው ሰሌዳ፣ ያው ፈረስ፤ በአብዛኞቹ ላይ ያው የሟች ስም።

«ጋሼ! ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«እየፈተሽኩ ነዋ! ምን የማደርግ መሰለህ?»

«በሞተ ሰው ስም?»

ክቡር ይሞከር በትዕግሥት አዩት፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት የሕንጻ ባለቤቶችን ያዩበት አስተያየት ነው። «መምህር፣ ሊፍት ባዶውን አይፈተሽም። ባዶውንማ ማንኛውም ሊፍት ላይ ድረስ ይወጣል! ሸክም ይጫንበትና ነው የሚታየው። የዚህ ክበብ ከባዱ ሸክም የቱ ነው? ይኸው ያላለቀው ጨዋታ። እሱን ጫንኩባቸው፤ ገጹን በሚሠራው ፕሮግራምም፣ ገጹን ኮምፒውተሩ ላይ በሚያሳድረው ኩባንያም ላይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጉድ ነው!» አሉና እየዞሩ አሳዩት።

አንደኛው ፕሮግራም አሥር ቀን ጠብቆ «ፋርማሲስቱ በመቅረታቸው ተሸንፈዋል» ብሏል፤ ከጸሐፊው ስም ጎን የወርቅ ዘውድ ይሽከረከራል። ሁለተኛው የሰውየውን ስም አጥፍቶ «የተሰረዘ ተጫዋች» ብሎ ጽፏል። ሦስተኛው ሰው ሲጠፋበት ቦታውን ለማሽን ይሰጣል፤ ማሽኑ በሟቹ ስም ያስባል፣ በሟቹ ስም ይጫወታል። «ወታደሩን የገፋብህ እሱ ነው። አትደንግጥ።» አራተኛው ዘንድ የሆስቲንግ ኩባንያው ዕቃውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲያዛውር ፋርማሲስቱ መንገድ ላይ ጠፍተዋል። ክቡር ይሞከር ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፉ፦ «አባላችን ስለሞቱ ምን ይደረግ?» መልሱ በአራት ደቂቃ መጣ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን። እባክዎ ወጥተው እንደገና ለመግባት ይሞክሩ።»

ጸሐፊው ሊስቅ ነበር። ግን ተወው፤ የዘውዱን ገጽ እሱም ቀደም ብሎ አይቶታልና። ኢሜይሉ ዛሬ ከሰዓት ሲመጣለት ከፍቶታል። እውነቱን ለመናገር ሦስት ጊዜ ከፍቶታል።

«ጋሼ፣ ሁለት ቀን ነው የቀረን። ክፍሉ ሊሄድ ነው! አንዱን ይምረጡና ይገላግሉን!»

ክቡር ይሞከር ደብተራቸውን ገፉለት። ፕሮግራሞቹና ኩባንያዎቹ በሠንጠረዥ ተሰድረዋል። ፍጥነት፣ ቅለት፣ ፊደል አጻጻፍ፣ ጥበቃ። ከሁሉም በስተመጨረሻ በቀይ ቀለም አንድ ዓምድ ተሰምሯል፦ «ሰው ሲሞት ምን ይላል?» ከሥሩ ሰባቱም ወድቀዋል።

ያኔ ነው ጸሐፊው ያላየውን ያየው። በየኮምፒውተሩ ከፋርማሲስቱ ቦታ ዝቅ ብሎ ሌላ ስም በግራጫ ተጽፏል፤ የክቡር ይሞከር።

«እርስዎንም?»

«እኔንም ጭኛለሁ። በአንድ ሰው ብቻ የተፈተሸ ነገር ተፈተሸ አይባልም። ስሜን አስገብቼ ዘግቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።» ፈገግ አሉ። «በአራቱ ላይ ሞቻለሁ። በአንዱ ላይ ግን በጣም ጎብዣለሁ።»

ይህን ሲሉ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ሦስቱ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። «ክቡር ይሞከር እያሰቡ ነው።» ክቡር ይሞከር እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ምንም ሳያስቡ፣ ራሳቸውን ሲያስቡ ተመለከቱ። ነጠብጣቦቹ ከፍ አሉ፣ ዝቅ አሉ።

ጸሐፊው ይዞት የመጣው ቁጣ የት እንደገባ አላወቀም። ቀስ ብሎ፣ «ምንም የማያስብ የለም?» አለ።

«አለ። መጀመሪያ ቀን ነው የጣልኩት። ባዶ ክፍል ነው።» የደብተሩን የፊት ገጽ ገለጡ። እዚያ የተመዘገበው ተራ ድረ ገጽ ነው፤ የጻፍክበትን ይዞ ይቀመጣል፣ አያሰላም፣ አያስታውስም፣ ማንንም አይጠራም። የሚያሳድረውም ትንሽ ኩባንያ ነው፤ ፋይል ተቀብሎ ከማስቀመጥ ሌላ ሙያ የለውም።

ያንኑ ዕለት አወጡት፤ አባላት፣ መርሐ ግብር፣ የውድድሩ ሠንጠረዥ። የፍጻሜውን መስመር ባዶ ተዉት። ክቡር ይሞከር አንድ ቀን ሙሉ አፍጥጠው ጠበቁት። ባዶው ባዶ ሆኖ ቆየ። «ዝም ይላል» አሉ በአድናቆት፣ እንደ ሊፍቱ ዘመን ቀን ጽፈው ፈረሙበት።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ዳይሬክተሯ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የትንፋሽ ሰዎቹ ፍራሻቸውን ይዘው መጥተው ፎቅ ላይ ይጠብቃሉ፤ ሥራ ፈት ላለመሆን ልምምድ ጀምረዋል። ሃያ ሰው በአንድነት ሲስብ፣ በአንድነት ሲያስወጣ በጣሪያው በኩል ይሰማል። ቱቦዎቹ የሚተነፍሱ ይመስላል።

ዳይሬክተሯ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ አለች። «አባላት አለ። መርሐ ግብር አለ። ጎበዞች! የፍጻሜው ውጤት የታለ?»

«ተራው የፋርማሲስቱ ነው» አሉ ክቡር ይሞከር ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው።

«የሞቱት?»

«አዎ።»

ወደ ጸሐፊው ዞረች። ክፉ ሴት አይደለችም። «መምህር፣ አዝናለሁ፣ ግን ሙሉ ውጤት ነው ያልኩት። ሰውየው አይመጡም። አንዲት ቁጥር ይጻፉና ቁልፉን ልስጥዎት። አለበለዚያ ላይ ሰው ቆሟል።»

«አንድ ሳምንት ብትሰጪን...» አሉ ክቡር ይሞከር።

«አባቴ፣ የለም።»

ጸሐፊው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከስሙ ጎን አንድ ቁጥር ብቻ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቃት። ደንቡም ይፈቅዳል፤ የሚከሰው የለም። ክቡር ይሞከር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፈትሸው ያሳለፉት ነገር ሰው ጭኖ ሲወድቅ ማየት የማይፈልጉ ይመስሉ ነበር።

ከላይ ሃያው ሰው ትንፋሹን ያዘ።

ጸሐፊው ጻፈ። አንብቦ አንድ ፊደል አረመ፣ አስቀመጠው፣ ተነሣ። ዳይሬክተሯ አየችና፣ «በቃ፣ ተሟላ» ብላ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወጣች።

ክቡር ይሞከር ወደ ኮምፒውተሩ መጡ። አነበቡ። ገጹን ዘግተው ከፈቱት፤ አሁንም ያው ነው። «ፋርማሲስቱ 1፣ ጸሐፊው 0። ጸሐፊው እጅ ሰጥቷል።»

«አንድ ፈረስ በልጠህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሰባቱም ላይ ነበር፣ ይሄ የእጅ መስጫ ቁልፍ» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። «ሌላውን ሁሉ ነካክቼ እሱን ብቻ ተውኩት። ማን ይጫነዋል ብዬ!»

ጠረጴዛውን ዞረው በባዶው ወንበር በኩል፣ ፋርማሲስቱ በሚቀመጡበት ቦታ ቆሙ። ኮታቸውን ቆለፉ። «ያሸነፈ ሰው የተሸነፈውን ሳይጨብጥ አይሄድም። ስለ እሳቸው ልጨብጥህ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ጸሐፊው ጨበጠ። የጨበጠው እጅ እንደ ብረት ቀዝቃዛ ነበር፤ የምድር ቤት ቅዝቃዜ ነው አለ ለራሱ። ከወትሮው ጠንከር ያለ፣ ከወትሮውም የረዘመ አጨባበጥ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚጨብጥ አይመስልም ነበር። መብራቱ አንዴ አመነታ። ክቡር ይሞከር ጎንበስ ብለው ስለነበር ፊታቸው አይታይም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«በርቱ» አለ ጸሐፊው፣ ለየትኛው ሽማግሌ እንደሚናገር ራሱም ሳያውቅ፤ እጁም እስኪሞቅ ድረስ አልለቀቀውም።