ቀንዳቸው ላይ የተጠመዱ በሬዎች

ሳህን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ገንዳ ውሃ ከተማ ብቅ በሉ፤ እኔ አለሁ።

ሥራዬ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ናሙና ማየት ነው። ሳምንቱን ከሰሊጥ ውስጥ አፈርና ገለባ ስለይ እከርማለሁ፤ እሁድ ደግሞ አሮጌ የፈረንሳይ ሳህን አገላብጣለሁ። ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። ከሱዳን በኩል መተማ ገበያ በሚገባው አሮጌ የቤት ዕቃ መሐል አልፎ አልፎ ይገኛል። እኔ ታዲያ ጀርባው ላይ ያለውን የሠሪውን ምልክት በስልኬ ሳላጣራ አልገዛም። ኔትወርክ ከሌለ ነጋዴው ወይ ይጠብቀኛል፣ ወይ ይሰድበኛል። ሁለቱም ደርሶብኛል።

ከሁሉ የምወደው የባስኮችን ሳህን ነው። ባስኮች በፈረንሳይና በስፔን ድንበር የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው። እንደኛው ድንበርተኞች በሏቸው። ሳህኑ ነጭ ነው፤ ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ መስመር ዞሮታል፤ መሐሉ ላይ ሁለት በሬዎች ጋሪ ይጎትታሉ።

ትርንጎን ላገባ ሽማግሌ የላክሁት ይኼ ሳህን በተሰቀለ ሰሞን ነው። አባቷ አያ ደሳለኝ ቋራ ውስጥ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። «መጀመሪያ ቤቱን ልየው» ብለው ከዚያው ከገለጉ ከተማ በጭነት መኪና መጡ። ገና ሳይቀመጡ ግድግዳው ላይ አፈጠጡ።

«ይኼ ሳህን ምን አጥፍቶ ነው የተሰቀለው?»

«ለጌጥ ነው፣ አያ።»

ጠጋ ብለው አዩትና ሳቁ። «ይኼን የሳለው ሰው በሬ ጠምዶ አያውቅም። ቀንበር ቀንድ ላይ ይታሰራል? ጫንቃ ላይ ነው እንጂ!»

አሁን ምን ይባላል? ባስኮች ቀንበሩን ቀንድ ላይ እንደሚያስሩ አጣርቻለሁ። ፎቶም አለኝ። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ ጠምደው የኖሩትን ሰው፣ ያውም የትርንጎን አባት፣ ስለ በሬ ላርማቸው? «ልክ ነዎት፣ አያ» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። እያወቅህ የተበላሸ ዕቃ ገዛህ? ሰሊጣችንን የሚያየው ይኼ ዓይን ነው እንግዲህ! ለልጄስ ምን ልትገዛላት ነው? እያሉ ሊሄዱ ከዘራቸውን አነሱ።

ትርንጎ ከእጄ ስትወጣ ታየኝ። ዘልዬ በሩ ላይ ቆምኩና ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ቀንበሩ በሬዎቹ ቀንድ ሥር በጠፍር ታስሯል፤ በላዩ አጎዛ ጣል ተደርጎበታል። እዚያ አገር የሚጠምዱት እንዲህ ነው አልኳቸው።

ስልኩን አራቁት፤ አቀረቡት፤ ደግመው አራቁት።

«እና ይኼን እያወቅህ ነው ልክ ነዎት ያልከኝ?»

«አዎ፣ አያ።»

ከዘራቸውን አስደግፈው ተቀመጡ። «ልክ መሆኑን እያወቀ አፉን የሚይዝ ወንድ ትዳር ይሆንለታል። እኔስ ከናቷ ጋር በምን የኖርኩ መስሎህ ነው? በል፣ ሰሊጡ ይግባና ሠርጉ ይሆናል።»

ልክ አባቷ እንደወጡ ለትርንጎ ደወልኩላት። ደስታው አጣደፈኝና አንዲት ቃል ሳላስቀር ሁሉንም ነገርኳት። ስትስቅ ለመስማት ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

«ታዲያ እኔን ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ ስትለኝ የከረምከውስ?»

ላጣራና ልደውልልሽ አልኳት።