በሰው ተራራ ቸር መሆን

በሰው ተራራ ቸር የሚሆን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ቆቦ ብቅ በሉ፤ ሜዳው ላይ ሞልተናል።

ለተፋሰስ ልማት እቅድ ስብሰባ ተጠራንና የግብርና ባለሙያው፣ «ከሜዳው በላይ ያለው ተራራ ከከብት ንክኪ ነፃ ይሁን?» አለን። እጅ ለማውጣት ተሽቀዳደምን። ተራራው የደገኞች ነዋ።

«ለጎርፍ መውረጃ ከማሳው ቆርሶ የሚሰጥስ?»

ሁላችንም አቀረቀርን። ጎረቤቴ አያ ሰይድ ብቻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ወላሂ ብሰጥ ደስ ባለኝ፤ ግን ማሽላዬ ዘንድሮ አምሮበታል። በጎረቤቴ በኩል ቢያልፍስ?» አለ።

ክረምት ገባ። ጎርፉ ማንንም ሳያማክር በሁላችንም ማሳ አለፈ።

ባለሙያው ተመልሶ ያንኑ የማሳ ጥያቄ ሲጠይቀን አያ ሰይድ ቀድሞ እጁን አወጣ።

«የእኔን ውሰዱ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ከማሳችን የቀረልን ጎርፉ ያመጣው አሸዋ ብቻ ነበርና እኛም እጃችንን አወጣን።