ያልተጠጣው አርባ አንድ ጀሪካን

የሰሌዳና ማስታወቂያ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የቢሮ ማስዋብ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ ሰኔ 29 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የበጀት ዓመቱ ነገ ሊዘጋ
ቦታ፦ ወላይታ ሶዶ፣ የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት (አዳራሹ ስለሚያፈስ)
የተጀመረበት ሰዓት፦ 8፡00 ተብሎ 8፡50

የተገኙ፦
1. አቶ ይስሐቅ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ኤርካሎ፣ የዕቅድ ባለሙያ፣ አባል
3. አቶ ጩማ፣ የንብረት ክፍል፣ አባል
4. ወ/ሮ ሳምራ፣ የሰው ኃይል፣ አባል
5. ወ/ሮ ተናኜ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ድምፅ የሌላት

ያልተገኙ፦ አራት አባላት። ሦስቱ ወደ በዴሳ ከተማ ለቅሶ ሄደዋል። አራተኛው፣ እውነት ለቅሶ መሆኑን ሊያጣራ ተልኮ እሱም ቀርቷል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስምንቱ ድምፅ ሰጪዎች አምስት መገኘት ሲገባቸው የተገኙት አራት ናቸው። አቶ ጩማ እንግዲያው እንበተን ቢሉም፣ ሰብሳቢው በመስኮት ዝናቡን አይተው፣ ቦክስቤሪዋ ጉዳዩ የሚመለከታት ከመሆኗም በላይ በአካል ስለተገኘች አምስተኛ ሆና እንድትቆጠር አዘዙ። ተቆጥራለች።

ቦክስቤሪዋ ማለት አምና ሥልጠና ሊሰጥ የመጣ የውጭ አገር እንግዳ ሲሸኝ በቫዞ የሰጠን፣ ቁመቷ ከስንዝር የማያልፍ፣ ቅጠሏ የሚያብለጨልጭ፣ ፍሬዋ ቀይ የሆነ ተክል ናት። እንግዳው አፈሩን በጣታችሁ ንኩ፣ ከላይ ደረቅ ሲል አጠጧት፣ እርጥብ ከሆነ ተዋት፣ ሥሯ ላይ ውኃ አይተኛባት፣ የዝናብ ውኃ ደግሞ ትወዳለች ብሎ ነበር። ይህን የተረጎሙት አቶ ይስሐቅ ናቸው። የሰማችው ግን ተናኜ ብቻ ናት።

አጀንዳ 1፦ የቦክስቤሪዋ የዓመቱ ውኃ አጠጣጥ አፈጻጸም

አቶ ኤርካሎ ባቀረቡት ሪፖርት፣ በዓመቱ ሃምሳ ሁለት ጀሪካን ታቅዶ የተጠጣው አሥራ አንድ ብቻ ስለሆነ አፈጻጸሙ ሃያ አንድ በመቶ ነው፤ ቀሪው አርባ አንድ ጀሪካን እስከ ነገ ካልገባ ተመላሽ ይሆናል፤ የከርሞ ዕቅዳችንም በዚያው ልክ ይቆረጣል ብለዋል። ሰብሳቢው ጉዳዩ እጅግ አሳሳቢ ነው አሉ።

ወ/ሮ ሳምራ ሃምሳ ሁለት ጀሪካን ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። አቶ ኤርካሎ ከባሕር ዛፍ ችግኝ ዕቅድ መቀዳቱን ገልጸው፣ ተክል ተክል ነው ብለዋል። አቶ ጩማ ቫዞው ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ሦስተኛውን ጠረጴዛ ላይ እንደሚተፋ አስረዱ። አቶ ኤርካሎ ይህ የዕቅድ ሳይሆን የአተገባበር ችግር ነው፤ በፈረቃ ይፍሰስ አሉ። አክለውም ጓሯቸው ያለው ቦዬ የሚባለው የሥራ ሥር ተክል ውኃ ውስጥ ቆሞ እንደሚፋፋ በምሳሌነት አቀረቡ። አቶ ጩማ ደግሞ እንሰትን ማን አጠጥቶት ያውቃል ሲሉ ተቃወሙ። ቦዬና እንሰት ለረጅም ጊዜ አከራከሩ። በመካከሉ የአቶ ኤርካሎ ቦዬ ስድብ የመሰለ ነገር ደረሰበት፤ አቶ ጩማ ወዲያው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ወ/ሮ ሳምራ ታዲያ በረንዳ ላይ እናውጣትና ዝናቡ ያጠጣት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ኤርካሎ ዝናቡ በዕቅድ ያልተያዘ በመሆኑ እንደ አፈጻጸም ሊቆጠር አይችልም አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ አርባ አንዱ ጀሪካን እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ተጠቃሎ እንዲገባባት ተወሰነ። ቃለ ጉባኤ ያዧ እጇን አውጥታ ነበር። ያዥ ይጽፋል እንጂ አይናገርም ተብላለች።

አጀንዳ 2፦ ለአፈጻጸሙ ማነስ ተጠያቂውን መለየት

ሰብሳቢው ቫዞው የሚቀመጠው በመዝገብ ቤቱ መስኮት ስለሆነ ተጠያቂዋ ተናኜ ናት አሉ። ከአቶ ኤርካሎ በቀረበባት ሂስ፣ ውኃ የያዘ ሰው ሲመጣ አፈሩን በጣቷ ነክታ ዛሬ አያስፈልጋትም እያለች ስትመልስ እንደኖረች፣ ከመንግሥት ንብረት ጋር የግል ግንኙነት እንደመሠረተች፣ ይህም ኪራይ ሰብሳቢነት እንደሆነ ተገለጸ። የተክሏ ቅጠል እየሳሳ መምጣቱም በውኃ ጥማት ስለሆነ በእሷ ላይ ተደመረ።

ግለ ሂስ አቅርቢ ተባለች። ድምፅ የሌላት በመሆኗ በጽሑፍ ታቀርባለች፤ ጽሑፉም ይኸውላችሁ፦ ጣቴን አፈር ውስጥ መክተቴን አምናለሁ። እዚህ መዝገብ ቤት ውስጥ ከአቧራ ሌላ በሕይወት ያለ ነገር እሷ ብቻ ስለሆነች እወዳታለሁ፤ ይህንንም አምናለሁ። ቅጠሏ የሳሳው ግን በጥማት አይደለም። አቶ ጩማ ጉልበታቸውን ባመማቸው ቁጥር ይሳሳል።

አቶ ጩማ መልስ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ቅጠሉ ሲታሽ እንደ ወገብ ቅባት እንደሚሸት፣ ክረምት ሲገባ ጉልበታቸውን እንደሚያሹበት፣ ጉልበታቸውም የታመመው በመንግሥት ሥራ ስለሆነ በመንግሥት ቅጠል መታከማቸው አግባብ እንደሆነ አስረዱ። ስለ ፍሬዎቹ ሲጠየቁም አንድ ቅዳሜ የቁርጥ ማባያ በሆነው ዳጣ ውስጥ ጨምረው እንደሞከሩ፣ አፋቸውን እንደ ጥርስ ሳሙና እንዳረጋቸው፣ ዳግመኛም እንደማይሞክሩ አስታወቁ። ሰብሳቢው የአቶ ጩማን የክህሎት ክፍተት ነው ብለው አለፉት። የተናኜ ግን የአመለካከት ችግር ነው።

ስለሆነም ተናኜ ከሶዶ ርቃ ወደምትገኘው ቤሌ እንድትዛወር ሐሳብ ቀረበ። ቃለ ጉባኤ ያዧ የሚከተለውን ጽፋ ወረቀቱን ለሰብሳቢው አሳየች፦ እናቴ በየሳምንቱ ለሕክምና እዚሁ ሶዶ ኦቶና ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ከእኔ በስተቀር ደግፎ የሚወስዳቸው የለም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቤታችን መጥታችሁ ጠይቃችኋቸዋል፤ አቶ ኤርካሎም ብርቱካን ይዘው መጥተው ነበር።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አንብበው መለሱላት። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ድጋፍ ሦስት፣ ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ ሁለት። እነሱም መሬት መሬት የሚያዩት ወ/ሮ ሳምራና ቦክስቤሪዋ ናቸው። ዝውውሩ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

ቃለ ጉባኤ ያዧ በጣም ተናዳለች። ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝም ተብሏል። ተይዟል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሀ. የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ስለሰነበተ ውኃው ቁልቁል ወርዶ ከምንጭ መቀዳት አለበት። ማን ይቅዳ በሚለው ላይ ሰፊ ውይይት ተደረገ። አቶ ጩማ ጉልበታቸውን አሳዩ። አቶ ኤርካሎ እኔ አቃጅ እንጂ ፈጻሚ አይደለሁም አሉ። ወ/ሮ ሳምራ ጫማቸውን አሳዩ። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ይፈጸም ሲባል፣ የተገኙት በሙሉ የአንድ ለአምስት መሪዎች ሆነው ተገኙ። ሰብሳቢው በበኩላቸው አመራር እሰጣለሁ አሉ። ዝናቡ ብሶበታል።

ለ. በዚህ መሐል ከዞን ስልክ ተደውሎ የዓመቱ ሪፖርት ዛሬ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ካልደረሰ ነገ አመራሩ ራሱ እንደሚገመገም ተነገረ። ሰብሳቢው ስልኩን የዘጉት ላብ በላብ ሆነው ነው። ቃለ ጉባኤው ቶሎ ይነበብና እንፈርም አሉ።

ሐ. ቃለ ጉባኤ ያዧ ስታነብ ከአጀንዳ 1 ውሳኔ ሥር እንዲህ የሚል ተገኘ፦ «አርባ አንዱ ጀሪካን በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት በዛሬው ዕለት ተጠጥቷል። አፈጻጸም መቶ በመቶ።»

አቶ ኤርካሎ መቼ ጠጣች ብለው ጠየቁ። ቃለ ጉባኤ ያዧ መናገር ስለማይፈቀድላት ወረቀቱን በጣቷ አሳየች። አቶ ጩማ ኧረ ጠጥታለች፣ በዚህ ዝናብ ማን መጥቶ ሊጠይቃት ነው አሉ። አቶ ኤርካሎ መቶ በመቶ የሚለውን ደጋግመው አንብበው ፊታቸው ፈካ፤ እንዲህ ከሆነ የከርሞውን ዕቅድ በእጥፍ እናሳድገው ሲሉ ጠየቁ። በሙሉ ድምፅ ተፈቀደላቸው። ቃለ ጉባኤ ያዧም ብዕሯ በቂ ቀለም እንዳለው አረጋገጠች።

መ. ቃለ ጉባኤ ያዧ ከፊርማ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ጽፋለች፦ መቶ በመቶ የፈጸመችውን ሠራተኛ በአፈጻጸም ማነስ ወደ ቤሌ ማዛወር በአንድ ገጽ ላይ አብሮ አይሄድም። ከሁለቱ አንዱ ይሰረዝ። ያለዚያ አልፈርምም። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ቀጥሎ ዝናቡን አዩ። ዝውውሩ ይሰረዝ አሉ።

ሠ. ወ/ሮ ሳምራ ከድምፅ አሰጣጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው፣ አፈጻጸሙ ሙሉ ከሆነ ተጠያቂ የለም፣ ተጠያቂ ከሌለ ችግር የለም፣ ችግር ከሌለ ደግሞ ምን ሆነን ነው አስቸኳይ ስብሰባ የጠራነው፣ ዞን ቢጠይቀንስ ምን እንላለን አሉ። ጥያቄው ሁሉንም አስደነገጠ።

ስለዚህ ከአጭር ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ፦ ይህ ስብሰባ አልተካሄደም። በውስጡ የተወሰነው፣ የጸደቀውም፣ የተፈቀደውም ሁሉ አልተወሰነም። ለዞን የሚላከው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ቦክስቤሪዋ ዕቅዷን ጠጥታ መጨረሷን የሚገልጸው ነው። እንግዲህ የበጀት ዓመቱ እስኪዘጋ ማንም ሰው አንዲት ጠብታ እንዳያፈስባት፤ ካፈሰሰባት አፈጻጸሙ ከመቶ በላይ ሆኖ ያስጠይቃል።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ 11፡10 ላይ ተበተነ። አቶ ጩማ ሲወጡ ወደ ቅጠሉ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ነበር። የመዝገብ ቤቱ በር እጃቸው ላይ ሊዘጋ ሲል መለሱት።

የሰብሳቢ ፊርማ፦ ፈርመዋል፤ ምን እንደፈረሙ አላነበቡም።

የቃለ ጉባኤ ያዥ ፊርማ፦ ተናኜ። ከመፈረሟ በፊት አፈሩን በጣቷ ነክታለች። እርጥብ ነው። ትታዋለች። ነገ ጠዋት እናቷን ኦቶና ታደርሳለች፤ ስትመለስ ደግሞ ትነካዋለች።