የኢድሪስ የጎልፍ ዕረፍት

ከጉዞው ይልቅ ዝግጅቱን የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መተማ ውስጥ አንድ አውቃለሁ። ነጋዴው ኢድሪስ የጎልፍ ዱላ ነክቶ አያውቅም፤ የጎልፍ ሜዳ ያላቸውን ሪዞርቶች ከስልኩ ላይ ሲያማርጥ ግን ሻዩ ይቀዘቅዛል። ዘጋቢ ነኝና አላጋንንም፤ በመተማ ሙቀት ሻይ ማቀዝቀዝ ቀላል ሥራ አይደለም።

ለባለቤቱ ለዘይነባ፣ የዘራው ሰሊጥ ሳይደርስ ዕረፍት ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል። አጨዳ ከተጀመረ ወዲያ ከእርሻው ንቅንቅ የለም። የጎንደር አውቶቡስ የመጀመሪያዎቹን አጫጆች ባራገፈበት ቀን ዘይነባ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ቆመች። እኔም ልሸኛቸው ሄጃለሁ። ኢድሪስ ግን ከስልኩ ቀና አላለም።

«ይኸኛው አሥራ ስምንት የጎልፍ ጉድጓድ አለው፤ ያኛው ደግሞ ሐይቅ ዳር ነው። ቆይ እስቲ ዘይኔ፣ ሌላም አለ።»

«ለጉድጓድ ከሆነማ የሽንፋ መንገድ ይበቃን ነበር!» ብላው ብቻዋን ተሳፈረች።

በሳምንቱ ሐይቅ ዳር፣ ለምለም ሣር ላይ ተቀምጣ የተነሳችውን ፎቶ ላከችለት። ኢድሪስ ሰሊጡ መሐል ቆሞ ፎቶውን አጉልቶም አሳንሶም አየው። የተጸጸተ መሰለኝ።

«ቦታውስ ጥሩ ነው» አለኝ በመጨረሻ፤ «ግን ሌላውንም ሳታይ ምን አስቸኮላት?»