ልጄን በፍሬም ተሸክመውት ሲሄዱ

ሰው ፎቶው በር አክሎ የሚታጠብለት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲያገባና ሲሞት። የኔ ልጅ ደግሞ አላገባም።

ይሄን ሒሳብ የሠራሁት መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ ቀሚሴን እንዲያሳጥርልኝ ይዤለት የሄድኩት ልብስ ሰፊ ፊት ቆሜ ነው። ረፋድ ላይ፣ መንገዱ በስፌት መኪና ድምፅ ሲንጫጫ፣ ዘወር ብል ሁለት ጎረምሶች አንድ ትልቅ ፎቶ ለሁለት ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። ፍሬሙ ጥቁር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ። ፎቶው ላይ ያለው ሚኪ ነው፤ የኔ ሚኪያስ፣ ያለኝ አንድ ልጅ። ዓይኑን ጨፍኗል።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ልጁ ከቤት ከወጣ ሦስት ቀኑ ነው። «ድሬዳዋ ጉዳይ አለኝ» ብሎኝ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎን ጥምዝምዝ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ እሱን መንገድ ስወርድ እስከ ዛሬ ያየሁት የፊቴን ወንበር ጀርባ ብቻ ነው።

ቀሚሴን እዚያው ጥዬ ተከተልኳቸው። ከኋላ የያዘው ሳሚ ነው፣ የሚኪ ጓደኛ፤ እኔ ቤት ስንት ሽሮ የበላ ልጅ። ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ፎቶውን ቶሎ ብሎ ወደ ግድግዳው አዞረው።

«እትዬ ብርቄ... እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ሚኪ የታለ?»

«ሚኪ? ደህና ነው። ትንሽ ደክሞት ነው።»

እኛ ዘንድ መርዶ በደረቁ አይነገርም። መጀመሪያ «ደህና ነው» ይባላል። ቀጥሎ «ትንሽ አሞት ነው»። ከዚያ ሰው ሁሉ ድንገት ደግ ይሆንና ለማልቀሻ የሚሆን ጉልበት እንዲኖራችሁ እህል ቅመሱ እያለ ይለምናችኋል። ሳሚም አላሳፈረኝም፤ «ቁርስ በልተዋል?» አለኝ። ይሄን ልጅ ሳውቀው ቁርስ በላህ ወይ እያልኩ የምጠይቀው እኔ ነኝ!

ወደ ቤት እንድመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዎች መጥተው እንደሚወስዱኝ ነገረኝ። የምን ሰዎች ስለው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ጓደኛው በሹክሹክታ «በቃ ንገራቸው» ሲለው፣ «አይሆንም፤ ሰው በተሰበሰበበት ነው የሚነገራቸው» ብሎ ተቆጣው። ሰማሁ። በዚያች ሰዓት ጆሮዬ ለመላው ሐረር ይበቃ ነበር።

ፈንጠር ብዬ ጎረቤቴ ወይንሸት ጋ ደወልኩ። ወይንሸት ጠዋት የነገራችኋትን ምስጢር ምሳ ሳይደርስ አቦከር ሰፈር ድረስ የምታዳርስ ሴት ናት። ክፉ ነገር ቢኖር ኖሮ እስካሁን ትነግረኝ ነበር ብዬ ነው። «ሚኪን አይተሽዋል?» ብላት ዝም አለች። ወይንሸት! ሃያ ዓመት ስንጎራበት ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ብርቄዬ፣ ቤት ጠብቂኝ። ነጠላሽን እኔ ተኩሼልሻለሁ» አለችኝ።

ብርቄዬ... ነጠላ... ስልኩን ዘጋሁት።

ቀና ስል እነሳሚ ፎቶውን ይዘው በአንዷ ጠባብ መንገድ ታጥፈዋል። ሮጥኩ። የጀጎል ውስጥ መንገድ አንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን ሁለት ሰው ነኝ። ትከሻዬን የኖራ ግድግዳ እየላጠኝ እጥፋቱን ጨረስኩና ቆምኩ። በአንድ የሐረሪ ቤት ደጃፍ ስድስት አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። አረንጓዴ ቀለም፣ ጀርባው ላይ የሰፈራችን እድር ስም። የማን ለቅሶ ላይ የትኛው ላይ እንደተቀመጥኩ ልነግራችሁ እችላለሁ።

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ማንበብ የተማርኩት በማታ ትምህርት፣ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው የምሄደው። ለቀምኩ። «እኔ... ከሞትኩ... ዛሬ... ሦስተኛ... ቀኔ... ነው።»

የሞተ ሰው እንዴት ብሎ ይጽፋል ትሉኛላችሁ። እናንተ እቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ነው የምታነቡት! ሻርፔን ወገቤ ላይ አሰርኩና «ሚኪዬ!» ብዬ ለቀቅኩት።

የቤቱ ባለቤት መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰበሃቸውን እንደያዙ ወጡ። አባይ ሩቂያ ይባላሉ፤ እኛ እትዬ የምንለውን ሐረሪዎች አባይ ይላሉ።

«ያ ረቢ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ልጄ፣ ሚኪያስ።»

«መቼ?»

«ሦስት ቀኑ ነው።»

አባይ ሩቂያ ወደ ውስጥ ዞረው አዩ። እንደገና እኔን አዩኝ።

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳዬን የሚበሳው ማነው?»

ዘልዬ ገባሁ። ሚኪ መሰላል ላይ ቆሟል። መዶሻ በእጁ፣ አራት ሚስማር በጥርሱ። ሲያየኝ አፉ ተከፈተና ሚስማሮቹ ረገፉ። እጄ የሚደርሰው እግሩ ጋ ብቻ ስለነበር ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩ። ይሞቃል። አቅፌው አለቀስኩ፤ ውረድም አላልኩት፣ እሱም አልወረደም።

ነገሩ ኋላ ተብራራልኝ። ኤግዚቢሽን ነው። ሚኪ ፎቶውን፣ ሳሚ ሥዕሉን፣ አንዲት ጓደኛቸው ደግሞ አጫጭር ልብወለዶቿን ለሕዝብ ሊያሳዩ ነው። በሩ ላይ ያነበብኩት የልጅቷ ልብወለድ መጀመሪያ ነው። ሚኪ ፎቶ ለማሳተም ድሬዳዋ ወርዶ፣ ስልኩን እዚያ ሰብሮ፣ ተመልሶም እዚሁ ሲሰቅል ሲያወርድ አድሯል። ወንበሩን ከእድር ያስፈቀደችው ወይንሸት ናት። ከኔ የተደበቀው ድንገት ሊያስደስተኝ ፈልጎ ነው። ተደሰትኩ፤ ግፊቴ እስካሁን አልወረደም።

«ዓይንህን ለምን ጨፈንክ?» አልኩት።

«ወደ ውስጥ እያየሁ ነው፣ እማ። ጥበብ ነው።»

«ወደ ውስጥ ስታይ አንዱን ዓይን ለእናትህ ክፈትላት።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ እኔም የተተኮሰ ነጠላዬን ለበስኩ። የሳሚ ሥዕል ከጫፍ ጫፍ ቀይ ነው። ጀጎል ሲመሽ ነው ብሎ ሲያስረዳኝ ጥሩ አድርገህ አምሽተኸዋል አልኩት። ወይንሸት የበሩን ልብወለድ እስከ መጨረሻው አንብባ፣ አልቅሳ፣ ሰውየው በምን እንደሞተ ልጅቷን ጠየቀቻት። ልጅቷ ያን አንባቢው ይወስነዋል ብትላት፣ «ለቅሶ ደራሽ ሲጠይቅ እንኳ ይነገረዋል» ብላ ተቀየመች።

በመጨረሻ ሚኪ አጠገቤ መጥቶ፣ እንደ ልጅነቱ እየተቅለሰለሰ፣ «እማ፣ ከሁሉም የቱን ወደድሽው?» አለኝ።

ግድግዳውን ዙሪያውን አየሁ። ሁሉም ያምራል፤ ያ ዓይኑን የጨፈነውም ጭምር። እጄን ሰደድኩና ጆሮውን ያዝኩ።

«ይሄን። የሚያወራውን።»

ልጄ አለ። እኔም ደህና ነኝ።